የታሰረ ቡችላ ዘብ አይሆንም

በኢሉባቦር፣ በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ሰፈሮች ስለ ውሻ አስተዳደግ የሚነገረው አንድ ዓይነት ነው። ቡችላ በልጅነቱ ካልታሰረ፣ ከሰው ካልተገለለ፣ የሰው እጅ ከለመደ ኃይለኛ አይሆንም፤ ለማዳ ውሻም ዘብ አይሆንም ይባላል። ይህን የሚለው ክፉ ሰው አይደለም። ቡናውን ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቶ እንቅልፍ የሚያጣ ገበሬ ነው፤ ባሏ ሞቶባት ከልጆቿ ጋር ብቻዋን የምታድር እናት ናት፤ በቆሎው በዝንጀሮ የሚያልቅበት አባወራ ነው። ቡችላውን እግሩ ሳይጠና ወስዶ ከጓሮ ግንድ ጋር የሚያስረው ነገ ይጠብቀኛል ብሎ እንጂ ጠልቶት አይደለም። እምነቱ ግን ከሥሩ ስሕተት ነው። በዚህ መንገድ የሚያድገው ውሻ የባለቤቱን ልጅ፣ ቡና ለቃሚውንና የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን ይነክሳል፤ ሌባ የመጣ ሌሊት ግን ከሌላው ሌሊት የተለየ ምንም ነገር አይነግረንም።

አሁን የሚደረገውን እንይ። ውሻ ስትወልድ ወሬው በሰፈሩ ይዳረሳል፤ ወዲያው «እትዬ፣ ወንድ አለ?» የሚል ይመጣል። ወንዱ ወር ሳይሞላው፣ ገና ጡት እየጠባ ይወሰዳል። ካልቀደምኩ ሌላ ይወስድብኛል የሚል ስጋት አለ፤ ከዚያም በላይ «በጣም ትንሽ ሆኖ ከመጣ እኔን ብቻ ያውቃል» የሚል ተስፋ አለ። ሴቶቹን የሚጠይቅ የለም። በማዳበሪያ ከረጢት ተደርገው ወንዝ ዳር፣ ገበያ ጥግ፣ መንገድ ላይ ይጣላሉ። ወንዱ አዲሱ ቤት እንደደረሰ አንገቱ ላይ ሲባጎ ይገባል። አንዳንዱ ጆሮውን ይቆርጠዋል፤ አንዳንዱ በርበሬ የተቀላቀለበት ምግብ ያጎርሰዋል፤ ጎረምሶች በእንጨት እየነካኩ ያበሽቁታል። በዚህ ዝናብ በማያባራበት አገር፣ በራሱ እዳሪ በላቆጠ ጭቃ ላይ፣ እናቱንና ወንድሞቹን እየጠራ ያድራል። ሲያለቅስ «ኃይለኛ ሊሆን ነው» ይባላል።

ምን እየሆነ እንደሆነ ለማወቅ የቡችላን የዕድሜ አቆጣጠር ማወቅ ይበቃል። ዓይኑ የሚገለጠው በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ ቢበዛም እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ፣ ወዳጅ ማን እንደሆነና የሚያስፈራው ምን እንደሆነ አእምሮው የሚመዘግብበት ጊዜ ነው። ይህን ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሜን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው ቤተ ሙከራ ለብዙ ዓመታት ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ በዝርዝር አስቀምጠውታል። እዚያው ቦታ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ቡችሎቹ በረጅም አጥር በተከለለ ሜዳ ሰው ሳይነካቸው ከእናታቸው ጋር አደጉ፤ የተወሰኑት በተለያየ ዕድሜያቸው ለአንድ ሳምንት እየወጡ ከሰው ጋር ዋሉ። በአምስት፣ በሰባትና በዘጠኝ ሳምንታቸው ሰው ያገኙት በቶሎ ተላመዱ። እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ማንም ያልነካቸው ግን እንደ ዱር አውሬ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ የተደረገላቸው እንክብካቤም ፍርሃታቸውን አላጠፋላቸውም።

እኛ ቡችላውን ከግንድ ጋር የምናስረው በትክክል በእነዚያ ሳምንታት ነው። አስቦበት የሚፈራ ውሻ ለማውጣት የፈለገ ሰው ቢኖር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። ኃይለኝነት የምንለው ነገር በአብዛኛው ፍርሃት ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጥፎ፣ ጭራውን ቆልፎ፣ ሰንሰለቱ እስኪበጠስ የሚዘለውን ውሻ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ይገነዘባል። መሸሽ ስለማይችል ይነክሳል። ሰንሰለቱ ሲፈታ ደግሞ በፊቱ ያገኘው ሁሉ ጠላቱ ነው።

ከእናቱ ያለ ጊዜው መለየቱ የሚያመጣው ሌላ ጉዳት አለ፤ ይኸኛው ብዙም አይወራም። ቡችላ ንክሻን መመጠን የሚማረው ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ነው። ሲጫወቱ አንዱ አንዱን ጠንከር አድርጎ ሲነክስ የተነከሰው ይጮኻል፣ ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል። ነካሹ ብቻውን ይቀራል። ይህ በቀን ስንት ጊዜ ይደጋገማል፤ እናትየውም ጡቷን ሲነክሷት ተነሥታ ትሄዳለች ወይም ታጉረመርምባቸዋለች። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ያለው ትምህርት ይህ ነው። በወሩ የተወሰደ ቡችላ ይህን ሳይማር ይመጣል፤ አፉ ምን ያህል እንደሚያሳምም አያውቅም። ስለዚህ ቡችላ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ። «እኔን ብቻ እንዲያውቅ» የሚለው ምክንያት ውኃ አይቋጥርም፤ የስምንት ሳምንት ቡችላ ለአዲስ ባለቤቱ ለመታመን ገና ብዙ ጊዜ አለው።

አዲሱ ቤት ከገባ በኋላም ይነክሳል። ቡችላ እጅ የለውም፤ የሚዳስሰውም የሚጫወተውም በአፉ ነው። ሃያ ስምንቱ የወተት ጥርሶቹ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው፤ ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ሲነቃቀሉ ደግሞ ድዱን ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። እኛ ዘንድ በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይደረጋል። ወይ «ጎበዝ፣ ይለፍልህ!» እየተባለ ልጆች በእጃቸውና በእግራቸው ያባብሱታል፤ ወይ አፉን ተይዞ በጥፊ ይመታል። የመጀመሪያው የሰው እጅ የሚነከስ ዕቃ መሆኑን ያስተምረዋል። ሁለተኛው ደግሞ እጅ ሲቀርብ ዱላ እንደሚከተል ያስተምረዋል፤ ሲያድግ ሳያጉረመርም የሚነክሰው እንዲህ ያደገው ነው፤ ማጉረምረሙ ስንት ጊዜ አስደብድቦታልና።

የሚያዋጣው መንገድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቤቱን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ጥርሱ ቆዳ ሲነካ እጅን አለማወናጨፍ፣ ጨዋታውን ወዲያው ማቆም፣ ፊትን አዙሮ ተነሥቶ መሄድ ነው። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሲረጋጋ ተመልሶ መጫወት፤ በእጅ ፈንታ ወፍራም ገመድ፣ የተቋጠረ አሮጌ ጨርቅ፣ ትልቅ የበሬ አጥንት መስጠት። ወንድሞቹ ያስተምሩት የነበረው ይህንኑ ነው። እናት በሳሎን የከለከለችውን ልጅ ጓሮ ሄዶ ከፈቀደ ግን ቡችላው የሚይዘው ትምህርት አይኖርም። በምግቡም እንዲሁ ነው። «እንዲለምድ» እየተባለ ሲበላ ሳህኑን የሚነጥቁት ቡችላ ሳህኑን መጠበቅ ይማራል። ሲበላ ጠጋ ብሎ ከያዘው የሚሻል ቁራሽ የሚጨመርለት ግን የሰው መቅረብ ለእርሱ መልካም መሆኑን ያውቃል፤ ቤት ውስጥ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ካለ ይህ ልዩነት የፊት ጠባሳ ጉዳይ ነው። ሲነሣ አንገቱ ተይዞ አይንጠልጠል፤ አንድ እጅ ከደረቱ፣ አንዱ ከኋላው ሥር ይግባ። በየቀኑ ጆሮው፣ መዳፉ፣ አፉ ይዳሰስ። ዱላ የያዙ አዛውንት፣ ጃንጥላ የዘረጋች ሴት፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው፣ የሚሮጥ ልጅ፣ ባጃጅ፣ በግና ዶሮ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳይፈራ ይያቸው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ የለመደ ውሻ ምኑን ይጠብቃል? ለሌባም ጭራውን ይቆላል» ይላሉ። የክርክሩ ዋና ሥር ይህ ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም።

ዘብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንጠይቅ። ሌባን የሚያባርረው ንክሻ ሳይሆን ጩኸት ነው፤ ጩኸቱም የሚያባርረው የቤቱ ሰው ስለሚነቃና ጎረቤት ስለሚሰማ ነው። ሁሉን የሚፈራ ውሻ ግን በሁሉ ላይ ይጮኻል። ለሚያልፍ መንገደኛ፣ ለጅብ፣ ለቅጠል ኮሽታ፣ ለዕድር ጥሩምባ ነፊ፣ ለዝናብ ሳይቀር ይጮኻል። ሌሊቱን ሙሉ የሚደወል ደወል ማንን ይቀሰቅሳል? ባለቤቱ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መስማት ያቆማል፤ ጎረቤትም ትራሱን ጆሮው ላይ ይደርባል። ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን፣ የመንገዱን የዘወትር ድምፅ ለይቶ ያወቀ ውሻ ግን የሚጮኸው እንግዳ ነገር ሲያይ ነው። እርሱ ሲጮኽ ሰው ይነሣል።

ግቢን የእኔ ብሎ መከላከልም በጭካኔ የሚተከል ጠባይ አይደለም። ውሻ ሲጎለምስ፣ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነውና ከዚያ በኋላ፣ በራሱ ይመጣል። በቀን ባለቤቱ «ግቡ» ያለውን እንግዳና በሌሊት አጥር ዘሎ የገባውን ሰው ለመለየት ውሻ ሰንሰለት አያስፈልገውም። በእርግጥ ከለማዶቹ መካከል ዝምተኛ ሆኖ የሚወጣ አለ፤ ከታሰሩትም መካከል አለ፤ ተፈጥሮ ነው። ሌባ ደግሞ የተመረዘ ሥጋ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚበላለት ማን ነው? ቀኑን ሙሉ ታስሮ የተራበው ነው። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ የለጠፈ ቤት ሁሉ ይህን ያስብበት። በዚያ በር በግልጽ አንኳኩቶ የሚገባው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ ለልጃችን ደብተር ሊመልስ የመጣው የክፍል ጓደኛው ነው። የሚነከሱትም እነርሱ ናቸው።

ከከተማው ወጥተን ወደ ማሳው ስንሄድ የተለመደው እምነት ጭራሽ ትርጉም ያጣል። በኢሉባቦር በጫካ ዳር የሚያርስ ሰው ትልቁ ጠላቱ ዝንጀሮ፣ ጦጣና ከርከሮ ነው። በቆሎ ሲያሽት ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ይውላሉ። ያዮን የመሰለ ደን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የዱር ቡና አገር፣ ዳር ላይ እየኖርን ይህ የማይቀር ትግል ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ውሻ ተፈትቶ የሚሮጥ፣ ከልጁ ጋር የሚዞር፣ ሲጠሩት የሚመለስ ነው። ሰውን ጠላት አድርጎ ያደገ ውሻ ማሳ ላይ ሊፈታ አይችልም፤ በጥቅምትና በኅዳር ቡና የሚለቅሙ ሴቶችና ልጆች በየቁጥቋጦው ሥር ናቸውና። ታስሮ ከዋለ ደግሞ ዝንጀሮው የሰንሰለቱን ርዝመት በአንድ ቀን ይለካዋል፤ ከዚያ አልፎ ይበላል። ጅብና ነብር ሲመጡም የተፈታው ያመልጣል ወይም ወደ ሰው ይሸሻል፤ የታሰረው ይበላል።

ሌላው ዓለም ይህን በተግባር አሳይቷል። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለገበሬዎች የአናቶሊያ እረኛ ውሻ ቡችሎችን ያከፋፍላል። ቡችሎቹ ገና በልጅነታቸው ከፍየሎችና ከበጎች ጋር ይውላሉ፤ ሰውም ይነካካቸዋል። ሲያድጉ መንጋውን ከአቦሸማኔ የሚጠብቁት በመታሰር ሳይሆን ከመንጋው ጋር በመዋል፣ በመጮኽና በመጋፈጥ ነው። የእንግሊዝ ገጠር ሰዎች ደግሞ ጥንቸል ከጉድጓዷ ለማስወጣት ፌሬት የሚባል ሙጭልጭላ የሚመስል ትንሽ እንስሳ ያረባሉ። ጥርሱ ስል ነው፤ ግልገሉ መጀመሪያ ያገኘውን ጣት ሁሉ ይነክሳል። ጠንቃቃ አርቢዎች ግልገሎቹን ለሌላ ሰው ከማስተላለፋቸው በፊት በየቀኑ በእጃቸው እያነሡ ያለምዷቸዋል፤ ባለቤቱን የሚነክስ ፌሬት ሳጥኑ ውስጥ እጅ ሰዶ ማውጣት ስለማይቻል ለሥራ አይሆንም። ሰውን መልመዱ ግን ጥንቸል ማባረሩን አላስተወውም። እኛ የሥራ እንስሳ ሰውን ካልጠላ አይሠራም የምንለው ከየት አምጥተን ነው? የእርሻ በሬያችንን እንኳ እንዲህ አናሳድግም።

ከሌባም ከዝንጀሮም የሚከፋው ጉዳይ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ አገራችን ክፉኛ ከተጠቁት አንዷ ናት። ከሰው ሕመም 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ አብዶ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ከ100 ሰዎች 40ዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን የለም ማለት ይቻላል። ከበግና ፍየል አንጎል የሚሠራውን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን አሮጌ ክትባት የሚያስታውሱ ብዙ ወላጆች በመካከላችን አሉ።

በሽታውን የሚያቆመው ውሻን መከተብ ነው፤ ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ ሥርጭቱ ይሰበራል። መርዝ እየበተኑ ውሻ መፍጀት እንደማያቆመው የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። አሁን ያ የታሰረ፣ ማንም የማይነካው ውሻ የክትባት ቀን ምን ይሆናል? ባለቤቱ ራሱ ወደ ቀበሌው ሊወስደው አይችልም። የእንስሳት ሐኪሙ ግቢ ድረስ ቢመጣም መርፌ ሊያስጠጋው አይችልም። «እርሱ ታስሮ ነው የሚውለው፣ ምን ያገኘዋል?» ይባልና ይታለፋል፤ ሌሊት ይፈታል፣ ያበደ ውሻ አጥር ሥር ይነክሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ከማን ይጀምራል? ምግብ ከምታቀርብለት ሴት ልጅ ነው። በልጅነቱ እጅ የለመደ ውሻ በገመድ ተስቦ፣ አፉ በጨርቅ ታስሮ፣ በአንድ ደቂቃ ተከትቦ ይመለሳል። ለእኔ ይህ አንድ ምክንያት ብቻውን ክርክሩን ይዘጋል። አንድ ልጅ ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ማድረስ ነው፤ የጸበሉና የባህል መድኃኒቱ ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

«ያሳደግሁት ውሻ ነከሰኝ» የሚለው ተረት የምስጋና ቢስ ሰው ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። ሕጋችን ግን ጥፋቱን ከአሳዳጊው ላይ አያነሣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይገመት ቢሆንም። «አምልጦኝ ነው» የሚለው የሰፈር ምክንያት በፍርድ ቤት አይሠራም። ሆን ብሎ በርበሬ እያበላ፣ እያስደበደበ ያሳደገው ሰውማ ምን ብሎ ሊከራከር ነው?

ሴት ቡችሎችን ስለ መጣሉ አጭር ነገር ልናገር። ሴት ውሻ ከወንድ ያነሰ አትጠብቅም፤ ከቤት ርቃ ባለመዞር እንዲያውም ትሻላለች። የማትፈለገው ስለምትወልድ ብቻ ነው። ይህን ችግር በከረጢት ከመፍታት፣ ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል ዘግቶ መጠበቅ፣ ባለሙያ ከተገኘም ማስመከን ይቻላል። ከተጣሉት የሚተርፉት ናቸው ነገ በቄራና በገበያ ዙሪያ የምንማረርባቸው፣ ማንም ያልነካቸውና ማንም የማይከትባቸው ውሾች የሚሆኑት። መንጋውን የምናራባው እኛው ነን።

ባለሙያ የለንም ማለት አንችልም። በደሌ ላይ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ መቱ ዩኒቨርሲቲም አጠገባችን ነው፤ በየወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ የሚሠሩ ልጆቻችን አሉ። ለላምና ለበሬ የሚሰጡትን ምክር ለቡችላም ይስጡ፤ የክትባት ቀን ሲታወጅ ሰውን ስለ አስተዳደጉ ያነጋግሩ፤ ትላትል የሚያወጣ መድኃኒትና የመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባት መቼ እንደሚሰጥ ይንገሩ። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ የጅምላ ዘመቻ ከመጣ ደግሞ ከዚያ በታች ያለውም ቢሆን ቤት አይቅር።

ውሻችሁ ለወለደች ግን ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ለማንም አትስጡ፤ ዘመድ ቢለምን፣ ጎረቤት ቢቆጣም አትስጡ። እስከዚያው የቤቱ ልጆች በአዋቂ ፊት በየቀኑ ያንሡአቸው። ሊወስድ የመጣውን ሰው የት እንደሚያሳድረው ጠይቁት። ቀን ቀን ማሰር ግድ የሚሆንበት ግቢ ካለው፣ ከጎልማሳነቱ በኋላ፣ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ሽቦ ላይ በሚንሸራተት ገመድ፣ ጥላና ውኃ ባለበት እንዲያስረው፣ ማታ እንዲፈታው ንገሩት። «ከዛሬ ጀምሮ አስሬ ኃይለኛ አደርገዋለሁ» ካላችሁ ቡችላውን ከእጁ መልሳችሁ ተቀበሉ።